ጠብቆ የሚነበብ ቃል

በአንድ ጣራ ሥር የሚሠሩ ሽማግሌና ወጣት መነጋገር ሲያቅታቸው እጅ መናገር ይጀምራል፤ መናገር የጀመረ እጅ ደግሞ ማንን እንደሚጎዳ አይመርጥም። ከዚህ በታች የሚተረከው ነገር ለዚህ ምስክር ነው።

ስኳድራው በወጣቱ ሠራተኛ በቱርቦ ጣቶች ላይ ሲያርፍ ደረቅ ቅርንጫፍ የተሰበረ ያህል ጮኸ። አናጺዎች የማዕዘን ልክ የሚይዙበት ይህ ብረት ጠርዙ ስስ ነው፤ ከመታ ይቆርጣል። ቱርቦ እጁን ብብቱ ውስጥ ወትፎ ወደ መሬት አጎነበሰ። ከጆሮው የተነቀለው ማዳመጫ ሰጋቱራው ላይ ወድቆ ለራሱ ይዘፍን ነበር።

«ጠርቼህ ነበር» አሉ ሽማግሌው አናጺ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «ሰው ሲጠራህ አፍ አለህ፤ መልስ።»

ልጅቷ የያዘችውን የወንበር እግር እንዳቀፈች ደርቃ ቀረች። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር በቀጥታ ወደ አባቷ የእንጨት ሥራ ቤት ትመጣና እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳለች፤ ሠራተኞቹም በዚሁ ምክንያት «ብርጭቆ» ይሏታል። ብርጭቆ ቱርቦ ሲመታ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ አልነበረም፤ ሲደማ ስታይ ግን የመጀመሪያዋ ነበር።

የጠቡ ሥር አንዲት ቃል ነበረች። በሥራ ቤቱ መካከል ትልቁ መጋዝ ቆሟል። ማብሪያው ራቅ ብሎ ግድግዳው ላይ ስለ ተተከለ፣ የሚያበራው ሰው ከመጋዙ ጠረጴዛ በስተጀርባ ማን እንዳጎነበሰ ማየት አይችልም። ስለዚህ በዚያ ቤት ሕግ ነበረ። ሊያበራ የሄደ ሰው አስቀድሞ «እጅ?» ብሎ ይጠራል። እያንዳንዱ ሠራተኛ ስለ ገዛ እጁ ብቻ ይመልሳል፤ እጁ ከስለቱ የራቀ «የለም» ይላል፣ እጁ ከስለቱ አጠገብ የሆነ «አለ» ይላል። «አለ» ከተባለ ማብሪያው አይነካም። ሕጉን ያወጡት ሽማግሌው ጎልማሳ፣ የልጅቷ አባትም ለማጅ ሳሉ ነው፤ ያወጡትም አባትየው የአውራ ጣታቸውን ጫፍ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ያጡ ዕለት ነው።

ለሽማግሌው ይህ ጥሪ ከመሐላ አይተናነስም ነበር። ለወጣቶቹ ግን የፋራ ነገር ነበር።

የቱርቦን ጩኸት ሰምቶ የልጅቷ ታላቅ ወንድም ከቢሮው ወጣ። ኮሌጅ ጨርሶ የመጣ፣ በኮምፒዩተር የሚነድፋቸውን ወንበሮች ደንበኛ የሚሻማባቸው፣ ሥራ ወዳድ ወጣት ነው። ለመጋዙም በስለቱ ላይ የሚገጠም መከለያ ገዝቶ ነበር፤ መልካም ነገር ነበር። ሽማግሌው ግን የምቆርጥበትን መስመር ይጋርደኛል ብለው ነቅለው ሚስማር ላይ ሰቀሉት። ወንድምየው ያንን ባየ ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል።

ነገሩን ይበልጥ ያከረረው የአባትየው ስሕተት ነው። ሳንባቸው በሰጋቱራ ታሞ ከቤት በዋሉ ጊዜ ልጃቸውን ለብቻው ጠርተው «ቤቱ ከእንግዲህ ያንተ ነው» አሉት። ሽማግሌውንም ለብቻቸው ጠርተው «ልጁን አደራ፤ እንዳይሳሳት ያዙልኝ» አሏቸው። ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጠው አልተናገሩም። ስለዚህ አንደኛው አለቃ ነኝ ብሎ፣ ሌላኛውም ባለ አደራ ነኝ ብለው፣ ሆድና ጀርባ እንደ ሆኑ በአንድ ቤት ይሠሩ ነበር።

«ጋሼ፣ በእኔ ቤት ሠራተኛ አይመታም» አለ ወንድምየው።

«አባትህን ያስተማርኩት በዚሁ ብረት ነው።»

«ለዚህ ነዋ ጣቱ የጎደለው።»

የሽማግሌው ከንፈር ነጣ። «ድገመው» አሉ።

«እደግመዋለሁ። አንተ ሽማግሌ፣ ጊዜህ አልፏል።»

በዚያ ቤት ለእሳቸው «አንተ» ያለ ሰው ኖሮ አያውቅም። ቃሉ ከአፉ እንደ ወጣ የሽማግሌው መዳፍ ጉንጩ ላይ አረፈ። ወንድምየው ዓይኑ ደም ለብሶ በደረታቸው ገፋቸው፤ ከኋላቸው የተደረደረው ጣውላ ተንሸራትቶ በላያቸው ተናደ። ከሥሩ ወጡና አንገቱን ያዙት። እሱም ክንዱን ወደ ኋላ ስቦ ሊመታቸው ሲል ልጅቷ መካከላቸው ገባች፤ ክርኑ አፏ ላይ አረፈ።

የገዛ ደሟን ከሰጋቱራ ጋር እንደ ተደባለቀ ዋጠችው። ሽማግሌው ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ዘረጉላት። ወንድሟ መሐረቡን ከእጃቸው መትቶ ጣለው።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለ እያለከለከ፣ «በዚህ ቤት ‹እጅ› የሚል ድምፅ እንዳልሰማ።»

ሽማግሌው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም፣ ወደ ማብሪያው በሄዱ ቁጥር «እጅ?» ማለታቸውን አልተዉም። ወጣቶቹ መምታት ባይችሉ ማሾፍ ይችሉ ነበር። «እጅ?» ሲሉ ቱርቦ «ሁለት አለኝ ጋሼ፣ ሦስተኛው ቤት ነው» ይላቸዋል። አንድ ቀን ደግሞ ልጅቷ ራሷ ለሹፈቱ ማገዶ አቀበለች። የአማርኛ መምህሩ ሰሌዳው ላይ «አለ» ብሎ ጽፎ፣ ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ማለት፣ ጠብቆ ሲነበብ ግን «ይገኛል» ማለት እንደ ሆነ ማስተማሩን አጫወተቻቸው። ቱርቦ ወዲያው ያዘው።

«እና ‹አለ አለ› ብል ማን ምን አለ?»

በዚያው ቅጽበት ሽማግሌው ጠሩ፤ ቱርቦም «አለ አለ አሉ» ብሎ መለሰላቸው። ሁሉም ሳቁ፤ ልጅቷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሽማግሌው እጃቸውን ማብሪያው ላይ እንዳኖሩ ቆሙ። ማብራት አልቻሉም፤ እጅ ይኑር አይኑር አላወቁምና። ጉልበታቸውን እየደገፉ እስከ መጋዙ ድረስ ተመልሰው ጎንበስ ብለው አይተው፣ እንደገና ወደ ግድግዳው ሄዱና አበሩ። ማንንም አልተናገሩም፤ በዚህም ሳቁ ይበልጥ ጨመረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያቺ ቃል በዚያ ቤት ክብደቷን አጣች።

ጉዳቱ የደረሰበት ዕለት ጠዋት ለወንድምየው የከበረ ዕለት ሊሆን ይገባው ነበር። ለአንድ ትልቅ አዳራሽ ወንበር የሚያሠራ ደንበኛ ናሙናውን ሊያይ መጣ። ወንበሩ ቀጭን፣ የሚያምር፣ እግሩ ወደ ውጭ የተለጠጠ ነበር። ሽማግሌው ከጥግ መጥተው ወንበሩን በአንድ እጃቸው አንሥተው አዩት። መጋጠሚያው በኮላ ብቻ መያዙን ለወንድምየው ሊነግሩት ይችሉ ነበር፤ ቢሮ ጠርተው በጆሮው ሊነግሩት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን መዶሻ አነሡ። ደንበኛው ባለበት ወንበሩን ጀርባው ላይ መቱት፤ ቀጥለው እግሩን መቱት፤ መሬት ላይ ተበታትኖ እስኪቀር ድረስ መቱት።

«በዚህ ላይ ሰው አይቀመጥም» አሉና መዶሻውን በቦታው ሰቅለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ደንበኛው ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። ወንድምየው አንድ ቃል አልተናገረም። ስብርባሪውን በእጁ ለቀመ፤ ስንጥር መዳፉን ወግቶ ሲያደማው እንኳ አላየውም። ልጅቷ ይህን የሰማችው ከሰዓት በኋላ ስትመጣ ከቱርቦ አፍ ነው። ወንድሟን ቀና ብላ አየችው፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር።

ከሰዓት በኋላ መጋዙ ቆመ፤ በስለቱና በጠረጴዛው መካከል የእንጨት ቁራጭ ተቀርቅሮ ነበር። ሽማግሌው ማብሪያውን ራሳቸው አጥፍተው ከጠረጴዛው በስተጀርባ ተንበረከኩ፤ ቁራጩን በጣታቸው ይነቅሉ ጀመር። መከለያው እንደ ተለመደው ሚስማሩ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ቱርቦ ከመስኮቱ ሥር ሙጫ ይቀባል። ልጅቷ ከግድግዳው አጠገብ ተቀምጣ ታለሰልሳለች።

ወንድሟ ከቢሮ ወጥቶ ወደ ማብሪያው ሄደ። ከዚያም ራሱ የከለከለውን ጥሪ፣ የሽማግሌውን ድምፅ እያስመሰለ፣ ጎተት አድርጎ ጠራው።

«እጅ?»

ልጅቷ ቀና አለች። ከጠረጴዛው ጀርባ፣ ፊታቸው የማይታየው ሽማግሌ መለሱ። ቀልድ አልነበረበትም፤ ቁጣም አልነበረበትም። ቃሉ ጠብቆ፣ ጥርት ብሎ ወጣ።

«አለ።»

ወንድሟ ተመለከታት። ከከንፈሩ አንዱ ጫፍ ብቻ ፈገግ አለ፤ አብረው የሚያሾፉ ሰዎች እንደሚተያዩት ያለ አስተያየት ነበር። ማብሪያውንም ተጫነው።

መጋዙ ለአፍታ ድምፁን ቀየረ፤ ከዚያም እንደ ወትሮው ቀጠለ። ሽማግሌው አልጮኹም። ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ጨብጠው ከጠረጴዛው በላይ ብቅ ሲሉ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። በጠረጴዛው ላይ ያለው ሰጋቱራ ደሙን እየጠጣ ጠቆረ።

«አጥፊው፣ ብርጭቆ» አሉ።

ሮጠች። የወንድሟ እጅ ማብሪያው ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ነበር፤ እሱም እንደ ደነዘዘ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ተወው አለችው፤ አልተወም። በእጇ የነበረውን ጉማጅ እንጨት በሙሉ ኃይሏ የእጁ አንጓ ላይ አሳረፈችው። ሲለቅ መጋዙን አጠፋች። ከዚያም የትምህርት ቤት ሹራቧን አውልቃ የሽማግሌውን እጅ ጠቀለለች፤ በሹራቡ ውስጥ ሁለት ጣቶች በሚገባቸው ቦታ እንዳልነበሩ በመዳፏ ዐወቀች።

ወንድምና እኅት ሽማግሌውን ሆስፒታል አድርሰው ቤት ሲገቡ አባትየው አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ጠበቋቸው። ወሬው ቀድሟቸው ነበር። በአጭር በአጭሩ እየተነፈሱ፣ ሳይቆጡ ልጃቸውን ጠየቁት።

«ጠርተህ ነበር?»

«ጠርቼ ነበር።»

«ምን አሉ?»

«‹የለም› አለ።»

አባትየው ዓይናቸውን ወደ ልጅቷ መለሱ። እናቷ ከኋላዋ ቆማ ትከሻዋን ያዘቻት፤ ጣቶቿም ቀስ በቀስ ጠበቁ። ልጅቷ አፏን ከፈተች፤ መልሳም ዘጋችው። አባትየው ጥቂት ጠብቀው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጫፉ በጎደለው አውራ ጣታቸው ብርድ ልብሱን ሲያሹ ይሰማ ነበር።

ወንድሟ ኮሪደሩ ላይ ክንዷን ይዞ ከበሩ ጋር አጣበቃት።

«ላስደነግጠው ብዬ ነው። እጁን ይስባል ብዬ ነው እንጂ...» ድምፁ ተሰበረ፤ እንደገና ደነደነ። «አንቺስ? ስትስቂ አልነበር? ‹አለ አለ› የሚለውን ከትምህርት ቤት ማን አመጣው?»

እሱ ሲለቃት የጣቶቹ ምልክት ክንዷ ላይ ቀይ ሆኖ ቀርቶ ነበር፤ ራሱም አየው። አጠገቡ የነበረውን በርጩማ ከግድግዳው ጋር አጋጭቶ ሰባብሮት ወጣ።

እናቷ ስብርባሪውን እየጠረገች ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረቻት። ቱርቦ ለፖሊስ ምን እንደሚል ከወንድሟ ጋር ተስማምቷል፤ አንድ ዓይነት ነገር ከተናገሩ ነገሩ አደጋ ነው፤ አደጋ ደግሞ በማንም ይደርሳል። ልጁ ቢታሰር ቤቱን የሚይዝ የለም፤ አባትሽም ይህን አይችሉትም።

«የእኔ ልጅ» አለች በመጨረሻ፣ «አንቺ ምንም ብትይ የጋሼ ጣት ተመልሶ አይበቅልም።»

ልጅቷ ያንን ዐረፍተ ነገር ይዛ ተኛች። ስሕተት ልታገኝበት ሞከረች፤ እውነት ነበር። የሚያስጨንቃትም ይኸው ነበር።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሆስፒታል ሄደች። ሽማግሌው በፋሻ የተጠቀለለውን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አስቀምጠው ጣሪያውን ያዩ ነበር። ወንበር ስባ ስትቀመጥ በመጀመሪያ የጠየቋት ስለቱ መጠረጉን ነው፤ ደም ብረት ያዝጋል አሉ። አልተጠረገም ነበር።

«ቱርቦ ጣቱ ዳነ ወይ?» አሉ ቆይተው።

«አብጧል እንጂ ይንቀሳቀሳል።»

«ሰው አልመልስ ሲለኝ ከመምታት ሌላ አላውቅም ነበር። ወንበሩንም የሰበርኩት በዚሁ ነው፤ ልጁ አንድ ቀን እንኳ ‹ጋሼ፣ ይሄስ እንዴት ነው?› ቢለኝ ብዬ ስጠብቅ ኖሬ።» ፋሻውን ተመለከቱ። «እኔም ጠይቄው አላውቅም።»

ስለ ፖሊስ አላነሡም። ምን ልትናገር እንዳሰበች አልጠየቋትም፤ በዓይናቸውም አልለመኗትም። ቢጠይቋት ኖሮ እምቢታውንም እሺታውንም በእሳቸው ላይ መጣል ትችል ነበር። ስትነሣ ግራ እጃቸውን ዘርግተው የከንፈሯን ጠባሳ አዩና «ይሄም በእኛ ነው» አሏት።

ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ቱርቦን አገኘችው፤ ቃሉን ሰጥቶ መውጣቱ ነበር። ፊቷን ሳያይ፣ ጣቱ ላይ የተለጠፈውን ፕላስተር በጥርሱ እየፋቀ፣ «‹የለም› ነው ያልኩት፤ እንዳንለያይ» አላት። ከዚያም እንደ ፈጣን ስሙ ሳይሆን እግሩን እየጎተተ ሄደ።

መርማሪዋ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች፣ ድምፀ ዝግ ሴት ናት። እናቷ ከኋላ ተቀምጣለች። ወንድሟ በመስታወቱ ማዶ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ክርኖቹን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ይታያል። መርማሪዋ ስለ ሥራ ቤቱ፣ ስለ መጋዙ፣ ስለ ጥሪው ጠየቀቻት፤ ልጅቷም ያለችግር መለሰች። ከዚያ ጥያቄው መጣ።

«ወንድምሽ ሲጠራ አናጺው ምን አሉ?»

ክፍሉ ውስጥ የእናቷ ትንፋሽ ተሰማ። ልጅቷ መስታወቱን አላየችም። ሽማግሌው ማብሪያው ላይ እጃቸውን ጭነው፣ ከሳቁ መካከል እውነተኛውን መልስ ሲፈልጉ የቆሙበት ሰዓት ታያት። ያን ጊዜ አንድ ሰው ብቻ በትክክል ቢመልስላቸው ይበቃቸው ነበር።

«‹አለ› አሉ።»

የመርማሪዋ ብዕር ቆመ። «‹አለ› ማለት?»

ልጅቷ ቀኝ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አስቀመጠች፤ ቃሉንም ጠበቅ አድርጋ ደገመችው።

«አለ። እጄ እዚህ ነው፣ እንዳታበራ ማለት ነው።»

«ወንድምሽ ሰምቷል?»

«ሰምቷል። ሲያበራ እኔን እያየ ነበር። እስቅለታለሁ ብሎ ነው።» ወደ እጇ አቀረቀረች። «ከዚያ በፊት እስቅ ነበር።»

እናቷ ተነሥታ ወጣች። ልጅቷ እጇን ከጠረጴዛው ላይ ሳታነሣ ቀጣዩን ጥያቄ ጠበቀች።

ፍርድ ቤቱ ወንድምየው ሆን ብሎ የሰው አካል አጉድሏል ሲል የሦስት ዓመት እስራት ፈረደበት። አሁን በማረሚያ ቤቱ የእንጨት ሥራ ክፍል ይሠራል። እኅቱ ልትጠይቀው ስትሄድ መጀመሪያ አላናግርም ብሏት ነበር፤ በኋላ ግን በሽቦው አጥር ማዶ፣ ዓይኑን ከእጆቹ ላይ ሳያነሣ፣ እዚያም ትልቅ መጋዝ እንዳለና ማብሪያው ከመጋዙ ራቅ ብሎ እንደ ተተከለ ነገራት። ከመበራቱ በፊት የሚጠራ ግን የለም።